አንገትን በእጅ ማወቅ፦ ከበግ አጥንት እስከ ራሳችን ማጅራት

«ማጅራቴን ያዘኝ» ብሎ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ጋ?» ብዬ ነው። ብዙው ሰው መዳፉን ዘርግቶ ማጅራቱን በሙሉ ይሸፍነዋል። «እዚህ ሁሉ» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ሲይዝ ሁሉም ቦታ ያመመ ይመስላል። ግን አንገት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ሰባት አጥንት ነው። የላይኞቹ ሁለቱ ሥራቸው ለብቻ ነው፤ የታችኞቹ አምስቱ ደግሞ ሌላ ሥራ አላቸው። ይህን በእጁ ዳስሶ ያወቀ ሰው ሲያመው አይደናገጥም። መነካት የሌለበትንም አይነካም።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን። ከዚህ በታች ያለው ለታካሚዎቼ በየቀኑ የማሳየው ነገር ነው። ስታነቡት እጃችሁም ይሥራ። ከስልክ ላይ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ወደ ዓይናችሁ ከፍ አድርጉት፣ ራሳችሁን ወደ ስልኩ አትድፉ። ለምን እንደሆነ ወደ መሃል ስትደርሱ ይገባችኋል።

1ኛ ደረጃ፦ የበግ አንገት ፈልጉ

ከሥዕል ይልቅ አጥንት ያስተምራል። እኛ አገር ደግሞ በግ አይቸግርም። ለበዓል ስታርዱ አንገቱን በመጥረቢያ እንዳይፈልጡት፣ በየመጋጠሚያው በቢላ እንዲለያዩት ለምኑ። ቅቅሉ ተበልቶ ሲያልቅ አጥንቶቹን ለውሻ ሳትሰጡ እጠቡና ጨርቅ ላይ በተርታ ደርድሯቸው።

ቁጠሩ። ሰባት ናቸው። የእናንተም ሰባት ነው። የፈረስም፣ የአይጥም፣ ጓሳ ላይ ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳም ሰባት ነው። ያን ያህል አንገት ያላት ቀጭኔ እንኳ ሰባት ብቻ ነው ያላት። አጥንቷ ረዘመ እንጂ አልበዛም።

አሁን የመጀመሪያውን አንሱ። ከሌሎቹ አይመሳሰልም። ቀለበት ነው። ግራና ቀኝ ሰፋፊ ክንፍ አለው። ከላይ በኩል ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ታያላችሁ። የራስ ቅሉ ሁለት ጉብታዎች የሚቀመጡት እዚያ ላይ ነው። ሐኪሞች አትላስ ይሉታል፤ በግሪኮች ተረት ሰማይን በትከሻው በተሸከመው ግዙፍ ስም። ራሳችንን የሚሸከመው እሱ ነውና ስሙ ይገባዋል።

ሁለተኛውን አንሱ። ወደፊት ወጣ ያለ ጥርስ የመሰለ ነገር አለው። የበጉ ሰፋ ብሎ ጎድጎድ ያለ ነው። የሰው ግን እንደ ትንሽ ችካል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ችካሉን በቀለበቱ ውስጥ አስገቡና ቀለበቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩት። ችካል ላይ የታሰረ በቅሎ ዙሪያውን እንደሚዞር፣ ቀለበቱም ራስን ተሸክሞ በችካሉ ዙሪያ ይዞራል። ጎረቤት ሲጠራችሁ ዞር የምትሉት በዋናነት በዚህ ነው። በሕይወት እያለን ችካሉ ወደ ኋላ ሸሽቶ ህብለ ሰረሰርን እንዳይጫን አንድ ጠንካራ ጅማት ከኋላው አቋርጦ ይይዘዋል። ስለዚህ ጅማት በኋላ እንመለስበታለን።

ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉት እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ። ከፊት ወፈር ያለ አካል፣ መሃል ላይ ህብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ከኋላ ደግሞ ወጣ ያለ ሹል አላቸው። በግራና በቀኝ የሚደራረቡትን ጠፍጣፋ ገጾች ልብ በሏቸው። እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል። በሰው ላይ 45 ዲግሪ ገደማ ያዘነበሉ ናቸው። አንገታችን ወደ ጎን ሲያዘነብል ሳናስበው በዚያው መጠምዘዝ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዲስክ የሚባለው ትራስ መሰል ነገር ያለው ከሁለተኛው አጥንት በታች ብቻ ነው። በራስ ቅልና በአንደኛው መካከል ዲስክ የለም። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከልም የለም። «ዲስኬ ተንሸራተተ» ብለው የራስ ቅላቸውን ሥር የሚያሳዩኝ ሰዎች አሉ። እዚያ ቦታ የሚንሸራተት ዲስክ የለም።

2ኛ ደረጃ፦ በራሳችሁ ላይ ፈልጓቸው

ቀና ብላችሁ ተቀመጡ። የመሃል ጣታችሁን ከራስ ቅላችሁ በስተኋላ መሃል ላይ አድርጉና ጠንከር ያለውን ጉብታ ፈልጉ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ውረዱ። ጣታችሁ ለስላሳ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። አንደኛው አጥንት እዚያ ውስጥ ነው፤ ግን በጣት አይገኝም። ቀለበት ስለሆነ ከኋላው የሚወጣ ሹል የለውም። ትንሽ ዝቅ ስትሉ የሚነካችሁ ጠንካራ ነገር የሁለተኛው ሹል ነው።

አሁን ወደ ታች ዝለሉ። አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ስታስጠጉ ከማጅራታችሁ ግርጌ ጎላ ብሎ የሚወጣ አጥንት አለ። ጋቢ ስትደርቡ ጠርዙ የሚያርፍበት አካባቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛው እሱ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሁለት ጎላ ያሉ አጥንቶች ይገኛሉ። ለመለየት ሁለት ጣት በሁለቱ ላይ አድርጉና ራሳችሁን በቀስታ ወደ ኋላ አዘንብሉ። ከጣታችሁ ሥር ሸሽቶ የሚጠፋው ስድስተኛው ነው። ሰባተኛው ቦታውን አይለቅም።

ወደ ጎን ደግሞ ሂዱ። ፊታችሁን ወደ ግራ አዙሩ። ከቀኝ ጆሯችሁ ጀርባ ተነስቶ ወደ ደረት አጥንታችሁ የሚወርድ ገመድ የመሰለ ጡንቻ ይወጣል። የቀኙ ጡንቻ ፊትን የሚያዞረው ወደ ግራ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። ስለዚህ ወደ ግራ መዞር ሲያቅታችሁ የታመመው ግራው ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

በመጨረሻ ትከሻና አንገት የሚገናኙበትን ሥጋ በጣቶቻችሁ መካከል ያዙት። ጠጠር ያለ ነገር ከተሰማችሁ አትደንግጡ። እዚህ ቦታ ዘና ያለ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

3ኛ ደረጃ፦ እንቅስቃሴውን ለዩት

ይህን ክፍል በደንብ ያዙልኝ። በቅርቡ ወድቃችሁ ከሆነ፣ አንገታችሁን ስታንቀሳቅሱ የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ ወይም መጋጠሚያን የሚያሳብጥ የቆየ ሕመም ካለባችሁ ግን አትሞክሩት። አንብባችሁ እለፉ።

የመጀመሪያው የ«እሺ» መጋጠሚያ ነው። ራስ ቅል በአንደኛው አጥንት ላይ የሚንሸራተትበት ማለት ነው። እኛ ትንፋሽ ሳብ አድርገን «እህ» ስንል ራሳችን ቀና ይላል አይደል? ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ከዚያ ነው የምትመጣው። ጣታችሁን ሁለተኛው አጥንት ላይ አድርጋችሁ አገጫችሁን ትንሽ ብቻ ዝቅና ከፍ አድርጉ። የታችኛው አንገት ዝም ብሎ ላይኛው ብቻ ሲንቀሳቀስ ይሰማችኋል።

ሁለተኛው የ«እምቢ» መጋጠሚያ ነው። ችካሉና ቀለበቱ። ጤነኛ አዋቂ ሰው ፊቱን ወደ አንድ ጎን እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ያዞራል። አገጩ ወደ ትከሻው ይቃረባል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ከዚህ አንድ መጋጠሚያ ይመጣል። ሌላው ግማሽ ለታችኞቹ ሁሉ ይከፋፈላል።

ለብቻው ማየት ይቻላል። ጀርባችሁ ላይ ተኙ። ሌላ ሰው ራሳችሁን በሁለት እጁ አንስቶ አገጫችሁን በቀስታ ወደ ደረታችሁ ያስጠጋው። እንዲህ ሲሆን የታችኞቹ መጋጠሚያዎች ይቆለፋሉ። እዚያው ሳለ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ያዙር። በየጎኑ 40 ዲግሪ ወይም ትንሽ አለፍ ያለ ይጠበቃል። አንዱ ጎን በጣም ካጠረና ራስ ምታታችሁም በዚያው በኩል ከማጅራት እየተነሳ ወደ ዓይን የሚወጣ ከሆነ፣ ችግሩ ከላይኛው አንገት ሊሆን ይችላል። ለባለሙያ ስትናገሩ ይህን ንገሩት፤ ብዙ ሥራ ታቀሉለታላችሁ። የሚያዞረው ሰው ግን በጉልበት አይግፋ። አንገታችሁ በቃ ሲለው ያቁም።

ከዚያ የታችኛው አንገት። ጆሯችሁን ወደ ትከሻችሁ አዘንብሉ፤ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ እንዳይነሳ። 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ዕድሜ ሲጨምር ሁሉም እንቅስቃሴ እየቀነሰ ይሄዳል። የ60 ዓመት ሰው ከ20 ዓመት ልጁ ጋር ራሱን አያወዳድር። ቀኙን ከግራው ያወዳድር።

አራተኛው ብዙ ሰው እንቅስቃሴ መሆኑን እንኳ የማያውቀው ነው። ራሳችሁን ሳትደፉ አገጫችሁን ወደፊት ግፉት። እንደ ዔሊ። አሁን ወደ ኋላ መልሱት። ወደፊት ሲሄድ የታችኛው አንገት ወደፊት ይታጠፋል፤ የላይኛው ደግሞ በተቃራኒው ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከራስ ቅል ሥር ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ይጨማደዳሉ። ስልክ ላይ ስናፈጥ፣ ሸክም ተሸክመን መንገድ ስናይ፣ ባጃጅ ውስጥ ጎንበስ ብለን በመስታወቱ ስንመለከት የምንቀመጠው እንዲህ ነው። እኔ ጋ ከሚመጣው የአንገት ሕመም ብዙው ከዚህች አንድ አቀማመጥ ይነሳል።

በነገራችን ላይ አንገትን በጤናማ መንገድ የሚያንቀሳቅስ ልማድ አላጣንም። ሙስሊም ወገኖቻችን ሶላት ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አዙረው ያሰላምታሉ። በየቀኑ፣ ደጋግመው፣ በእርጋታ። ሐኪም ቢያዝ ከዚህ የተሻለ አያዝም። በእኛ በሸዋ ጭፈራ ደግሞ አንገት ከትከሻ ጋር እኩል ይጫወታል። ሰርግ ላይ አንገቱን እንደልቡ የሚያስኬድ ሽማግሌ ሳይ ደስ ይለኛል።

4ኛ ደረጃ፦ ጣቶቻችሁን ጠይቁ

ሰባት አጥንት፣ ግን ስምንት ጥንድ ነርቭ። አንደኛው ከራስ ቅልና ከመጀመሪያው አጥንት መካከል ስለሚወጣ ነው አንድ የሚበልጠው። ሕመሙ ወደ ክንድ ከወረደ ጣቶች የትኛው ነርቭ እንደተነካ ይጠቁማሉ። አውራ ጣት ከደነዘዘ ስድስተኛው፣ የመሃል ጣት ከሆነ ሰባተኛው፣ ትንሿ ጣት ከሆነች ስምንተኛው ይጠረጠራል። አምስተኛው ሲነካ ክንድን ወደ ጎን ማንሳት ይደክማል። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው አብረው ለመተንፈስ የሚያገለግለውን ትልቁን ጡንቻ፣ ድያፍራምን ያዝዛሉ። የላይኛው አንገት ጉዳት ትንፋሽ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ቀኑን መርምሩ

የአዋቂ ሰው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልታችሁ ደረታችሁ ጋ አስጠግታችሁ ያዙት። ቀላል ነው። አሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ያው 5 ኪሎ ነው፤ ግን ደቂቃ አትቆዩም። ራሳችሁን ወደፊት በደፋችሁ ቁጥር የማጅራት ጡንቻ የሚያየው ፍዳ ይኸው ነው።

እናቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ምስር ስትለቅም ሰዓት አታውቅም። ሱፍ የሚፈትሉት የመንዝ ሴቶችም እንደዚያው ናቸው፤ ባናው፣ የሱፍ ብርድ ልብሱ፣ እስኪደርስ ስንት ቀን አቀርቅረው። ሥራውን ማስቀረት አይቻልም። ሰፌዱን ግን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጭን ላይ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ አድርጉና ሰፌዱን በላዩ አስቀምጡ። አንድ ጣሳ ምስር ባለቀ ቁጥር ቀና ብሎ ጣራ ማየት ነው።

ብርዱስ? «ብርድ መታኝ» የደብረ ብርሃን ሰው የዘወትር ቃል ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ሰው ብርድን ቢከስ አይፈረድበትም። ብርድ አጥንት ውስጥ አይገባም። ግን ሲበርደን ትከሻችንን ወደ ጆሯችን ሰቅለን ነው የምንውለው። ያ ጡንቻ ከጠዋት እስከ ማታ ሳያርፍ ይውላል፣ ማታ ይቆጣል። ስለዚህ ማጅራታችሁን በሻርፕ ወይም በነጠላ ሸፍኑና ትከሻችሁን ጣሉት። ሁለቱን አብራችሁ ካላደረጋችሁ ሻርፑ ብቻውን አይበቃም።

ሸክም ከባዱ ጉዳይ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ወገቧን ታጥፋለች። መንገዱን ለማየት ደግሞ አገጯን ወደፊት ትገፋለች፤ ቅድም ዔሊ ያልነው ነው። ከተቻለ በሁለት ባለ 10 ሊትር ተከፋፍሎ ይምጣ፣ ከተቻለ በአህያ። ካልተቻለ ጀሪካኑ ወገብ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ጀርባ ላይ ተጠግቶ ይታሰር፣ በየመሃሉም ከድንጋይ ላይ አሳርፋ ቀና ትበል። ይህ ምክር ለእሷ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ውሃ መቅዳት የሚችል ወንድ ልጅ ካለ ሸክሙን ይካፈል።

እንቅልፍ። በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ ዳር ድረስ ጠምዝዞ ማሳደር ነው። በጎን ስትተኙ ትራሱ ከትከሻ እስከ ጆሮ ያለውን ክፍተት ልክ ይሙላ። በጀርባ ስትተኙ ዝቅ ያለ ይሻላል። ለዚህ ጋቢን የሚያክል የለም። አንድ እጥፍ ስትጨምሩ ከፍ ይላል፣ ስትፈቱ ዝቅ ይላል። አፍንጫችሁ ከደረታችሁ መሃል ጋር ቀጥ እስኪል አስተካክሉት።

6ኛ ደረጃ፦ ሦስት እንቅስቃሴ

ሦስት ብቻ። የበዛ ነገር ሰው አይሠራም።

ጀርባ ላይ ተኝታችሁ ራሳችሁን ሳታነሱ «እሺ» በሉ። አገጭ ትንሽ ብቻ ወደ ጉሮሮ ይጠጋ። የአንገት የፊት ገመዶች እንዳይገተሩ በጣታችሁ ተቆጣጠሩ። ከተገተሩ ኃይል አብዝታችኋል። 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ 10 ጊዜ። ቀላል ይመስላል። ከአከርካሪው ፊት የተጣበቁትን ጥልቅ ጡንቻዎች የሚያጠነክር ስለሆነ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ቀና ብላችሁ ተቀምጣችሁ አገጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ከዚያ ሳትለቁ ፊታችሁን ወደ ቀኝና ወደ ግራ በቀስታ አዙሩ። በየጎኑ 5 ጊዜ።

ሦስተኛው ለትከሻ ነው። ሁለቱን የጀርባ የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስቡ፣ 5 ሰከንድ ያዙ፣ 10 ጊዜ።

አንገታችሁ ድንገት ከያዘስ? የሞቀ ጨርቅ አድርጉ። ሕመሙ እስከሚፈቅደው ድረስ ብቻ አንቀሳቅሱ። ሙሉ በሙሉ አስሮ መተኛት ይበልጥ ያደርቀዋል። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ፣ ሲቆይ በአንድ ሁለት ሳምንት ይለቃል።

7ኛ ደረጃ፦ እጅ የማይገባበት

ተማሪ እያለሁ ከደብረ ሲና ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንገቴን ጥዬ ተኛሁ። ጣርማ በርን ማለፋችንንም አላወቅሁም። ደብረ ብርሃን ስደርስ አንገቴ አልዞር አለ። አንድ ሰው ጋ ወሰዱኝ፤ ራሴን ይዞ በኃይል ጠመዘዘው። ለሁለት ቀን አዞረኝ፣ አስመለሰኝ። ተርፌያለሁ። ዛሬ ግን ምን ሊሆን ይችል እንደነበር አውቃለሁ። በአንገት አጥንቶች የጎን ቀዳዳዎች ውስጥ ወደ አንጎል የሚወጡ ሁለት የደም ሥሮች አሉ። በድንገተኛ ጥምዘዛ ውስጣቸው ሊቀደድ፣ ደም ሊረጋና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ችካሉ ህብለ ሰረሰርን እንዳይጫን የሚይዘው ያ ጅማትም አለ። ወጌሻን አልንቅም፤ ስንቱን እጅና እግር አቅንቷል። አንገት ግን አይጠምዘዝ። ወጌሻም ቢሆን፣ ፀጉር ቤት ውስጥም ቢሆን።

ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ያለበት ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት ካልቻለ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሐኪም ይየው፤ ሲነጋ አይባልም። እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ እግሩ የሚተሳሰርበት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ሌሊት የሚብስ፣ ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት የቆየ ሕመም ደግሞ የአጥንት ቲቢን ጨምሮ ሌሎች ነገሮችን ስለሚያስጠረጥር ይመርመር። የግራ ክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ ጋር ሲመጣ አንገትን ትታችሁ ስለ ልብ አስቡ።

ሰው ከፈረስ፣ ከገደል ወይም ከቤት ክዳን ከወደቀ አታስቀምጡት፣ ውሃ ላጠጣው ብላችሁ ራሱን አታንሱ። ያለበት ቦታ አደገኛ ካልሆነ እዚያው ይቆይ፣ አምቡላንስ ይጠራ። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ከሆነና መሸከም ግድ ከሆነ ቢያንስ አምስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከራስጌው ተንበርክኮ ራሱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይያዝ፤ አፍንጫው ከእምብርቱ ጋር ቀጥ ይበል። ቀጥ ለማድረግ ሲሞከር ሕመም ከጨመረ ወይም እምቢ ካለ ባለበት ይያዝ። ሦስቱ በአንድ ጎን ተሰልፈው ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይያዙ። ራሱን የያዘው ሰው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሁሉም እኩል እንደ ግንድ ወደ ጎን ያንከባልሉት። አምስተኛው ቃሬዛውን ከሥሩ ያስገባ። ከዚያ በዚያው ቆጠራ ይመልሱት። በራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ ይደገፍ፤ ግንባሩ በነጠላ ከቃሬዛው ጋር ይታሰር፣ ጉሮሮው ግን በምንም አይታሰር። ተሸካሚዎቹ ሲደክማቸው ይቀያየሩ። ራሱን የያዘው ሰው ግን ሌላ ሰው በትክክል ሳይረከበው እጁን አይልቀቅ፤ ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ድረስ።